የይለፍ ቃላችን ሳይሳሳት ኢ-ሜይላችን ለምን ይዘጋል?

ሞዚላ ተንደርበርድን በመሰሉ የኢ-ሜይል ፕሮግራሞች የምንገለገል ሰዎች «መግባት አልተቻለም» የሚል መልእክት ሲገጥመን አስቀድመን የምንጠረጥረው የገዛ ትውስታችንን ነው። የይለፍ ቃሉን ደጋግመን እንጽፋለን፤ ሙከራው ሲበዛም አንዳንድ ሰርቨሮች አድራሻውን ለጊዜው ይዘጉታል።

ስለዚህ በዚያው ስምና የይለፍ ቃል በብራውዘር መግባትን እንሞክር። ከተከፈተ ቃሉ ደኅና ነው። በቅርቡ ለውጠነው ከሆነ ፕሮግራሙ አሮጌውን ይዞ ይሆናልና ያስቀመጠውን እንሰርዝ። ካልለወጥነው ደግሞ የአገባቡ ሥርዓት ተቀይሮ ይሆናል። ጉግል የግል የጂሜይል አድራሻዎችን በተራ የይለፍ ቃል ብቻ ለሚጠይቁ ፕሮግራሞች መክፈት ያቆመው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 መጨረሻ ነው። በተንደርበርድ የሰርቨር ማስተካከያ ውስጥ የማረጋገጫውን ስልት ወደ «ኦውዝ 2» ስንለውጥ የጉግል መግቢያ ገጽ ይከፈታል፤ ፕሮግራሙም ከዚያ ወዲያ በቃሉ ፈንታ የፈቃድ ምልክት ይዞ ይገባል። የወጪ መልእክቱ ሰርቨር ለብቻው ይስተካከላል።

ብራውዘሩም ቢያስጠነቅቅስ? ያን ጊዜ የኮምፒዩተሩን ቀን እንመልከት። ሰርቨሩ ማንነቱን የሚገልጽበት ሰርተፊኬት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው፤ ፕሮግራሙም የይለፍ ቃሉን ከመላኩ በፊት ይህን ከራሱ ሰዓት ጋር ያመሳክራል። በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም መሰል ባትሪ ስትሞት ኤሌክትሪክ በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ድሮ ይመለሳል። እኛ ዘንድ ሌላም ምክንያት አለ፤ ዓመተ ምሕረቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሞላ ሰው ማሽኑን 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ስለሚወስደው ሰርተፊኬቱ ገና አልተወለደም! በዚህ ጊዜ ማስጠንቀቂያውን አልፎ ለመግባት የሚያስችለውን ቁልፍ መጫን አይገባም፤ በመካከል ሰርቨር መስሎ የቆመ ሌላ ቢኖር የይለፍ ቃሉን የምናስረክበው ለእርሱ ነውና። ቀኑንና ዓመቱን በፈረንጆች አቆጣጠር ሞልተን፣ በዊንዶውስ የሰዓት ክልል ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባ ስለሌለች ናይሮቢን መርጠን፣ ፕሮግራሙን ዘግተን እንክፈተው።