ከግድግዳ ውስጥ የሚቀበር ገንዘብ
ስለ ሙቅ ውሃ ቧንቧ አመራረጥ

ቤት የሚሠራ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው በሚታየው ላይ ነው። የቆርቆሮውን ጥራት፣ የበሩን ቀለም፣ የመስኮቱን መስተዋት ደጋግሞ ይመረምራል። ከግድግዳ ውስጥ የሚቀበረውን ቧንቧ ግን ለሠራተኛው ፈቃድ ይተወዋል። ዳሩ ግን ቀለም ቢበላሽ በአንድ ቀን ይታደሳል፤ የተቀበረ ቧንቧ ሲበላሽ ግድግዳ ይፈርሳል። ከደመወዙ ቆጥቦ ቤት ለሚሠራ ወጣት መምህር ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም።

በብርድ አገሮች ቤት የሚሞቀው በቧንቧ ነው። አንድ ማሞቂያ ውሃውን ያሞቃል፤ ውሃውም በየክፍሉ በተተከሉት ራዲያተሮች ውስጥ እየዞረ ሙቀቱን ይሰጥና ይመለሳል። በውጭ አገር የተማሩ ወገኖቻችን ይህን በሚገባ ያውቁታል። የባሶ ሊበን ወረዳ ዋና ከተማ ለሆነችው፣ ከደብረ ማርቆስ በስተ ደቡብ በጎጃም ደጋ ለምትገኘው ለይጁቤ ግን ይህን ያህል ወጪ የሚያስፈልግ አይመስለንም። ሌሊቱ ቢበርድም ቀኑ ፀሐይ ነው፤ ወፍራም ግድግዳ፣ በደንብ የሚገጥም በርና መስኮት፣ ጋቢም ሲጨመር ይበቃል። ለመታጠቢያና ለወጥ ቤት የሚሆን ሙቅ ውሃ ግን ቅንጦት አይደለም። ሕፃን የሚያጥቡ እናቶች ይመስክሩ።

ውሃን በቧንቧ መምራት ለአገራችን አዲስ ጥበብ አይደለም። በ1880ዎቹ ዓ.ም. ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በዳግማዊ ምኒልክ ትእዛዝ የእንጦጦን ውሃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ አስገብቶ ነበር። የዛሬው ጥያቄ ግን ቧንቧው ከምን ይሠራ የሚለው ነው። ዋናውም ቁም ነገር ይህ ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃና ሙቅ ውሃ አንድ ዓይነት ቧንቧ አይሹም።

በጥቅልል የሚሸጠው ጥቁር የፖሊኤቲሊን ቧንቧ ከቆጣሪ እስከ ቤት በመሬት ውስጥ ለሚዘረጋው መስመር ተስማሚ ነው፤ ለሙቅ ውሃ ግን አይሆንም። ፒቪሲም እንዲሁ ነው። ርካሽና ለሥራ ቀላል ቢሆንም ሙቀቱ ወደ 60 ዲግሪ ሲደርስ ጉልበቱ ይደክማል።

ዚንክ የተቀባው የብረት ቧንቧ ከጥንት ጀምሮ የታመነ ነው። ነገር ግን ውሃው ከ60 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ የዚንኩ ጥበቃ ይላላል፤ ዝገቱና ከውሃው የሚቀረው ኖራም ውስጡን ቀስ በቀስ ያጠበዋል። መዳብ ሙቀትን አይፈራም፤ ሆኖም ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ብየዳውም ዐዋቂ እጅ ይፈልጋል። ደግሞም በመዳብ ያለፈ ውሃ ወደ ዚንክ ቅብ ብረት ቢገባ ብረቱን ቶሎ ስለሚበላው፣ ሁለቱን ማቀላቀል ጥንቃቄ ያሻዋል።

በመጨረሻ ፒፒአር የሚባለው ፕላስቲክ አለ። ጫፉና መጋጠሚያው በ260 ዲግሪ ሙቀት ቀልጠው አንድ አካል ይሆናሉ፤ ዝገት አያውቀውም። ስለዚህ ለመካከለኛ ገቢ ሰው ሚዛኑ ወደዚህ ያደላል። ነገር ግን ሁሉም ፒፒአር አንድ አይደለም። በላዩ የተጻፈው ይነበብ፤ ፒኤን 10 ለቀዝቃዛ ውሃ፣ ፒኤን 20 ለሙቅ ነው። ስፋቱም ያታልላል። 20 ሚሊ ሜትር የተባለው የፒኤን 20 ቧንቧ ውስጡ 13 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከጣሪያ ላይ ሮቶ ለሚወርድ ውሃ፣ 10 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት 1 ባር ገደማ ብቻ ስለ ሆነ፣ ዋናው መስመር 25 ወይም 32 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይሻላል።

ሌላው ጠባዩ መለጠጥ ነው። 10 ሜትር ቧንቧ ከ15 ወደ 65 ዲግሪ ቢሞቅ ብረቱ 6 ሚሊ ሜትር ሲረዝም ፒፒአር 75 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ስለዚህ በግድግዳ ላይ በረጅሙ ሲዘረጋ መፈናፈኛ ይተውለት፤ ወይም አሉሚኒየም ያለበት ዓይነት ይመረጥ። ለራዲያተር ቤት ደግሞ አሉሚኒየሙ ሌላ ጥቅም አለው። ተራ ፕላስቲክ ኦክሲጅን ያሳልፋል፤ ኦክሲጅኑም ራዲያተሩን ያዝገዋል።

የፀሐይ ማሞቂያ ጣሪያ ላይ ለሚያቆሙ አንድ ነገር እንጨምር። ውሃው ሳይቀዳ በፀሐይ ሲውል እስከ መፍላት ሊደርስ ስለሚችል፣ ከማሞቂያው የሚወጣው የመጀመሪያው ጥቂት ሜትር ከብረታ ብረት ይሁን። ውጭ የሚውል ፕላስቲክም ከፀሐይ ይሸፈን።

ከሁሉም በላይ ልስኑ ከመለሰኑ በፊት መስመሩ በፓምፕ ግፊት ይፈተን። የሚያንጠባጥብ መጋጠሚያ ያን ጊዜ በአንድ ሰዓት ይታረማል። አበው ሳይቃጠል በቅጠል የሚሉት ለዚህ ነው። ቤት ሠሪው ወጣት ቆርቆሮውን በሚመረምርበት ዓይን ቧንቧውንም ቢመረምር፣ ገንዘቡን ሁለት ጊዜ ከግድግዳ ውስጥ አይቀብርም።