የሎንግ ቢች ነዳጅ ዘይትና የኮንትራቱ ነገር

መሬት ያለው ሰው በሬ ቢያጣ መሬቱን አይሸጥም፤ በሬ ላለው ሰው ለእኩል ወይም ለሲሶ ይሰጠዋል። ይህን ከገጠር የመጣ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ግዛት፣ ከሎስ አንጀለስ በስተደቡብ የምትገኘው የሎንግ ቢች ከተማ ማዘጋጃ ቤት ያደረገውም በመሠረቱ ይኸው ነው። ልዩነቱ እርሻው ከባሕር ወለል በታች መሆኑና ባለ በሬዎቹ ታላላቅ የነዳጅ ኩባንያዎች መሆናቸው ነው። (ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1911 የካሊፎርኒያ መንግሥት የባሕሩን ዳርቻ መሬት ለወደብ ሥራ እንዲውል ለከተማይቱ በአደራ ሰጠ። ከሥሩ ምን እንዳለ በዚያን ጊዜ ያወቀ አልነበረም። በ1932 የዊልሚንግተን የዘይት መስክ ተገኘ፤ ጥቂት ዓመታት ሳያልፉም ጉድጓዶቹ እስከ ወደቡ ደረሱ። ማዘጋጃ ቤት መንገድ መጥረግና ውሃ ማደል ያውቅ እንደሆነ እንጂ በሺህ የሚቆጠር ሜትር ወደ ምድር መሰርሰር አያውቅም፤ ስለዚህ ሥራውን ለኮንትራክተር ሰጠ። ገንዘቡ ሲበዛ ደግሞ ክርክር ተነሣ። በ1955 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ከአደራው ነፃ የተደረገው የዘይት ገንዘብ ለከተማይቱ ሳይሆን ለግዛቱ እንደሚገባ ፈረደ። አደራ ተቀባይ ባለቤት አይደለምና ፍርዱ ትክክል ይመስለኛል።

ከገንዘቡ ክርክር ይልቅ ከተማይቱን ያስደነገጠው ግን የመሬቱ መስመጥ ነው። ዘይቱን የያዘው አሸዋ እርስ በርሱ ያልተጣበቀ ልል አሸዋ ነው። በውስጡ ያለው ዘይት፣ ውሃና ጋዝ ከላይ ያለውን ምድር ተሸክሞ ይኖር ነበር። ፈሳሹ እየተቀዳ ሲወጣ ግፊቱ ወረደ፤ አሸዋው ተጨመቀ፤ መሬቱም ተከትሎት ወረደ። በጣም በሰመጠው ስፍራ ዝቅታው ወደ 9 ሜትር ገደማ ደርሷል። ይህም የሆነው ወደቡና የባሕር ኃይሉ የመርከብ ማደሻ ባሉበት አካባቢ ነው። ባሕሩ ገብቶ እንዳያጥለቀልቅ ግድብ ተሠራ፤ ግንቦችና ቧንቧዎች ተሰነጠቁ፤ ከምድር በታች ድንጋዩ ወደ ጎን ሲንሸራተት ብዙ ጉድጓዶች እንደ ሸንበቆ ተቀነጠሱ። መድኃኒቱ ለወጣው ዘይት ምትክ ጨው ውሃ ወደ ታች በኃይል ማስገባት ነበር። በ1958 ሕግ ወጥቶ ሥራው በሰፊው ተጀመረ፤ በ1960ዎቹ አጋማሽም በአብዛኛው ስፍራ መስመጡ ቆመ።

ከባሕሩ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያለው ያልተነካው የመስኩ ክፍል የተከፈተው ይህ ከታየ በኋላ ነው። በ1962 የከተማይቱ ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ፣ መሬቱ እንዳይሰምጥ ጥንቃቄ እየተደረገ ዘይቱ ይውጣ ብሎ ፈቀደ። በ1964 በወጣ ሕግ የከተማይቱ ድርሻ ተወስኖ ከትርፉ አብዛኛው ለግዛቱ ሆነ። በ1965 ጨረታ ወጣ። ከሥራው 80 በመቶ የሆነውን ትልቁን ክፍል ያሸነፉት ቴክሳኮ፣ ሃምብል፣ ዩኒየን፣ ሞቢልና ሼል በአንድነት ሆነው ነው፤ ማኅበራቸውም ከስሞቻቸው መጀመሪያ ፊደሎች «ተምስ» ተባለ። ያቀረቡትም ከተጣራው ትርፍ 95.56 በመቶ ለባለ መሬቱ ሊሰጡ ነው! በእኛ ገጠር ለዚህ ያህል ድርሻ ጥማዱን የሚያወጣ ባለ በሬ አይገኝም። ኩባንያዎቹ በከተማይቱ ፊት አራት ደሴቶችን ከድንጋይና ከአሸዋ ሠርተው፣ መቆፈሪያዎቹን ፎቅ ቤት አስመስለው ሸፈኑ፤ ዘንባባም ተከሉ። ደሴቶቹ በሥራ ላይ ሳሉ በሞቱ አራት አሜሪካውያን የጠፈር ሰዎች ስም ይጠራሉ።

አንባቢ፣ ታላላቅ ኩባንያዎች ከመቶ አምስት እንኳ ለማይሞላ ድርሻ ለምን ተሽቀዳደሙ ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሱ «የተጣራ ትርፍ» በሚለው ቃል ውስጥ ነው። የተጣራ ትርፍ ማለት ከዘይቱ ሽያጭ ላይ ወጪው ሁሉ ተቀንሶ የሚቀረው ነው። እንግዲህ መቶኛው ምንም ያህል ከፍ ቢል፣ ዋናው ነገር ወጪውን ማን ይፈቅዳል፣ የዘይቱንስ ዋጋ ማን ይወስናል የሚለው ነው።

ስለ ወጪው ከተማይቱ ብልህ ነበረች። ኮንትራክተሩ ቆፋሪ እንጂ አዛዥ እንዳይሆን፣ የመስኩ ሥራ መሪ የሚለውን ማዕረግና ሥልጣን ለራሷ አስቀረች። የሥራው ዕቅድና በጀት የሚቀርበው ለእርስዋ ነው፤ የግዛቱ የመሬት ኮሚሽንም ይመረምረዋል። ለዚህም ማዘጋጃ ቤቱ የራሱን መሐንዲሶችና የሒሳብ ሰዎች ቀጥሮ ማኖር ነበረበት። መሐንዲስ የሌለው ማዘጋጃ ቤት ይህንኑ ኮንትራት ቢፈርም ኖሮ፣ ሥልጣኑ በወረቀት ላይ ብቻ በቀረ ነበር።

በዋጋው ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አልነበረም። ኮንትራክተሮቹ ዘይቱን ራሳቸው ይወስዱታል፤ ለማጣሪያዎቻቸው የሚፈልጉት እርሱን ነውና። የሚታሰብበት ዋጋ ደግሞ በአካባቢው ያሉ ገዢዎች በይፋ በሚያወጡት ዋጋ ላይ የተመሠረተ ነበር፤ ከእነዚያም ገዢዎች ዋነኞቹ ታላላቆቹ ኩባንያዎች ናቸው። እህሉን የሚሸምተው ሰው የገበያውን ዋጋ ሲያወጣ፣ ድርሻው በወረቀት 95 ቢሆንም ቁናው በሸማቹ እጅ ነው። በ1975 ግዛቱና ከተማይቱ፣ ኩባንያዎቹ ተመካክረው ዋጋውን ዝቅ አድርገዋል ሲሉ ከሰሱ። ሙግቱ ብዙ ዓመት ፈጀ፤ ከተከሳሾቹም አብዛኞቹ ገንዘብ ከፍለው ከክርክሩ ወጡ።

ባለ በሬዎቹ ከዚያ ወዲህ ተለዋውጠዋል፤ ተምስ በ2000 ወደ ኦክሲደንታል፣ በ2014 ደግሞ ከእርሱ ተከፍሎ ወደ ወጣው ካሊፎርኒያ ሪሶርስስ ኩባንያ እጅ ገብቷል። ከመስኩ የሚወጣው ፈሳሽ አሁን አብዛኛው ውሃ ነው። ጉድጓዶቹም አንድ ቀን በሲሚንቶ መደፈን አለባቸው። አብዛኛውን ትርፍ ያገኘ አብዛኛውን የመዝጊያ ወጪ ይችላልና፣ ዕዳው ይበልጡን የሚወድቀው በግዛቱና በከተማይቱ ላይ ነው፤ ለዚህም ገንዘብ ሲጠራቀም ቆይቷል። የመደፈኑ ሥራ ቢያልቅ እንኳ ግፊቱ እንደ ገና ወርዶ መሬቱ መስመጥ እንዳይጀምር፣ ውሃውን ወደ ታች ማስገባቱ ዘይቱ ካለቀ በኋላ በማን ወጪ እንደሚቀጥል ከተማይቱ የምታስብበት ጉዳይ ነው።