ያውቁ ኖሯል? ከ2,147,483,647 በኋላ የሚመጣው ቁጥር

ከዜሮ በታች ያሉ ቁጥሮችንም ጨምሮ በ32 ቢት የሚቆጥር ፕሮግራም ሊይዝ የሚችለው ትልቁ ቁጥር 2,147,483,647 ነው። አንድ ሲጨመርበት ወደ ላይ አይወጣም፤ እንደ መኪና ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ተገልብጦ ከዜሮ በታች፣ ‑2,147,483,648 ላይ ያርፋል።

በ2014 እ.ኤ.አ. «ጋንግናም ስታይል» የተባለው ዘፈን ተመልካች ወደዚህ ቁጥር ሲጠጋ ዩቲዩብ የተመልካች ቆጣሪውን ወደ 64 ቢት አሳደገ። ይሄ ያስቃል። በ2015 ግን የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር የቦይንግ 787 ኤሌክትሪክ ከ120 ቀን ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ እየጠፋ እንዲበራ አዘዘ። አውሮፕላኑ ኃይል ሳይቋረጥበት 248 ቀን ቢቆይ፣ በጄኔሬተር መቆጣጠሪያዎቹ ውስጥ ያለው ቆጣሪ ሞልቶ ኤሌክትሪኩን ሊያጠፋው ይችል ነበር፤ በበረራ ላይም ቢሆን! (የሰከንድ መቶኛ እየቆጠሩ ከላይ ያለው ቁጥር ላይ ለመድረስ 248 ቀን ተኩል ገደማ ይፈጃል።) መድኃኒቱ «አጥፍተህ አብራው» መሆኑ ሳያስገርም አይቀርም።

ቀጣዩ ቀጠሮ የታወቀ ነው። ብዙ ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚለኩት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለፉትን ሰከንዶች በመቁጠር ነው። የ32 ቢቱ ቆጣሪ የሚሞላው በእኛ አቆጣጠር ጥር 11 ቀን 2030፣ በጥምቀት ዕለት፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ነው። ያልታረመ መሣሪያ በቀጣዩ ሰከንድ ራሱን በ1901 እ.ኤ.አ. ያገኘዋል። አዳዲስ ስልኮችና ኮምፒውተሮች በአብዛኛው ወደ 64 ቢት ተሻግረዋል፤ ይበልጥ የሚያሰጉት በየማሽኑ ሆድ ተቀብረው ማንም የማያድሳቸው አሮጌ መቆጣጠሪያዎች ናቸው።