ጉሎ በል የሐር ትልና የራያ ቆላ ገበሬ

ጉሎ በቆላው አገራችን በአጥር ሥርና በፈፋ ዳር ማንም ሳይዘራው የሚበቅል ተክል ነው። ፍሬው ለምጣድ ማሰሻ ካልሆነ በቀር ከቁም ነገር አይቆጠርም። ቅጠሉ ግን ሐር ለሚሰጥ ትል ምግብ ነው። ስለዚህ ይህ ሥራ ለቆቦና ለራያ ገበሬ ቤተሰብ ምን ያህል እንደሚስማማ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ስመ ጥሩው የቻይና የሐር ትል የሚመገበው የሾላ ዘመድ የሆነውን የእንጆሪ ዛፍ ቅጠል ነው። ኤሪ የሚባለው ሁለተኛው ዓይነት ግን ጉሎ ይበላል። በአገራችን የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ሁለቱንም አጥንቷል። የኤሪ እንቁላል በ10 ቀን ገደማ ይፈለፈላል፤ ትሉ 3 ሳምንት ያህል እየበላ 4 ጊዜ ቆዳውን ይለውጣል፤ ከዚያም ድር በራሱ ላይ ጠቅልሎ ጎጆ ይሠራል። ከቻይናው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የቻይናው ጎጆ ያልተቆረጠ ረጅም ክር ስለሆነ፣ እንዳይበጠስ ነፍሳቱ በውስጡ ሳለች በሙቀት ትገደላለች፤ ክሩም በመሣሪያ ይጠቀለላል። የኤሪ ጎጆ ግን በአንድ ወገን ክፍት ነው። ቢራቢሮዋ ከወጣች በኋላ ባዶው ጎጆ በሳሙና ውሃ ተቀቅሎ፣ ታጥቦና ደርቆ እንደ ባዘቶ በእንዝርት ይፈተላል። እንዝርት ደግሞ ጥጥ የምትፈትል እናት ባለችበት ቤት ሁሉ አለ። በእኔ አስተያየት ትልቁ ጥቅሙ ይኸው ነው።

ታዲያ ገበሬው ለምን ያመነታል? «ትል» የሚለው ቃል በራያ ደግ ስም የለውም። ተምች ማሽላውን ሲፈጅ፣ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያም የአንበጣ መንጋ በቆቦ ሲወርድ ያየ አባት፣ ልጁ «ትል ላሳድግ» ቢለው ቢስቅ አያስደንቅም። ሳቁ ግን እውነት አለበት። ለተምች የተረጨ መድኃኒት ነፋስ ወደ ጉሎው ከወሰደው፣ ቅጠሉን የበላው የሐር ትል ያልቃል። ስለሆነም ጉሎው ከማሽላው መራቅ አለበት፤ ጎረቤት የሚረጭበትን ቀንም አስቀድሞ ማወቅ ግድ ነው። ይህ የሰፈር ስምምነት እንጂ የአንድ ቤት ሥራ አይደለም። ጉንዳን እንዳይወጣ የመደርደሪያው እግሮች ውሃ በሞላ ጣሳ ውስጥ ይቆማሉ። ደረቁ ሙቀት ትሉን ስለሚጎዳ ቤቱ በእርጥብ ጆንያ ይቀዘቅዛል፤ ያንን ውሃ የምትቀዳው ማን እንደሆነች ሁላችንም እናውቃለን።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ገበያ ነው። ማሽላ ባይሸጥ ይበላል፤ ሐር ባይሸጥ አይበላም። እ.ኤ.አ. በ531 ገደማ የቁስጥንጥንያው ንጉሥ ዩስቲንያኖስ፣ የአፄ ካሌብ ነጋዴዎች ከሕንድ ሐር ገዝተው እንዲሸጡለት ጠይቆ ነበር፤ ፋርሶች በየወደቡ እየቀደሙ ስለገዙት አልተሳካም። በዘመናችን ኢሲፔ የተባለው መቀመጫው ናይሮቢ የሆነ የነፍሳት ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 በአማራ ክልልና በጋሞ ጎፋ ወጣቶችን በማርና በሐር ሥራ ማሰማራት ጀምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 አዲስ አበባ የተቋቋመው ሳባሃርም ኤሪ ሐርንና ጥጥን በእጅ እያሸመነ ታውቋል። ቆቦ ግን ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ጎጆውም እንደ ላባ ቀላል ስለሆነ፣ ብዙ ቤቶች ካላዋጡ አንድ ጆንያ የሚረባ ክብደት አይኖረውም።

ለሙከራ ማሳ መንካት አያስፈልግም። በሐምሌ፣ ጉሎው ሲለመልም፣ በአንድ ሰፌድ የጀመረ ቤተሰብ መስከረም ሳያልቅ ጎጆውን ይሰበስባል። ያን ጊዜ ሚዛን ይዞ የሚመጣ ሰው መኖሩን ከሐምሌ በፊት መጠየቅ ነው።