የተገለበጠች ሽቦ

በጦር ሰፈራችን የቤተሰብ መኖሪያ የምትገኝ አንዲት እኅታችን፣ በሩቅ ግዳጅ ላይ የሚገኘው የአሥር አለቃ ባለቤቷ በድምፅ ቀርጾ የላከላትን መልእክት በቴፕ ከፍታ ስታዳምጥ፣ ድምፁ ባዶና ቀጭን ሆኖባት ሰነበተ። ቃሉ ይሰማል፤ ነገር ግን ከየት እንደሚመጣ አይለይም፤ ወፍራሙ የደረት ቃናም ጠፍቷል። ጥገና ቤት ብትጠይቅ «እስፒከሮቹ ተቃጥለዋል፤ አዲስ ግዢ» ተባለች። ለልጆቿ የትምህርት ቤት ልብስ ያስቀመጠችውን ገንዘብ ከማውጣቷ በፊት ግን እኛን አማከረች።

ሄደን ስንመለከት የተቃጠለ ነገር አልነበረም። ቤት ስትቀይር ተነቅለው ከተመለሱት ሁለት እስፒከሮች የአንደኛው ሽቦዎች ቦታ ተለዋውጠዋል፤ ቀዩ በጥቁሩ፣ ጥቁሩም በቀዩ ገብቷል።

እስፒከር ድምፅ የሚሰጠው በውስጡ ያለው ሾጣጣ ወረቀት ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተንቀሳቀሰ አየሩን ሲገፋና ሲስብ ነው። ሁለቱ በትክክል ከተገናኙ አብረው ይገፋሉ፣ አብረው ይስባሉ። የአንደኛው ሽቦ ሲገለበጥ ግን አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ በመካከላቸው ለተቀመጠ አድማጭም አንዱ የሌላውን ሥራ ያፈርስበታል። ጉዳቱ የሚብሰው በወፍራም ድምፅ ላይ ነው። በሰከንድ 100 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ የሞገዱ ርዝመት 3.4 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ በጠባብ ክፍል ውስጥ ጥቂት ፈቀቅ ማለት አያድንም። በሰከንድ 1,000 ጊዜ የሚርገበገበው ግን 34 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነውና እዚህ ቢጠፋ እዚያ ይሰማል። እኅታችን የሰማችው ይህንኑ ትራፊ ነበር።

አንድ እስፒከር ብቻ ላለው ቤት ይህ አያሳስብም። ሁለቱም ቢገለበጡ እንኳ ችግር የለም፤ በስሕተታቸው ይስማማሉና!

መፈተሻው ቀላል ነው። ቴፑን አጥፍቶ የእስፒከሩን ሽቦ ከቴፑ መንቀል፤ ከዚያም የ1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ፖዘቲቭ ጫፍ በቀዩ፣ ኔጌቲቩን በጥቁሩ ለቅጽበት ብቻ ማስነካት። የትልቁ እስፒከር ወረቀት ወደ ውጭ ብቅ ይላል። ሁለተኛውም እንዲሁ ካደረገ ተስማምተዋል፤ ወደ ውስጥ ከገባ የእርሱን ሽቦዎች ማለዋወጥ ነው። ሽቦዎቹ አንድ ዓይነት ቀለም ካላቸው በአንደኛው ላይ የተሰመረ መስመር ይፈለግ። በትንንሾቹ የቀጭን ድምፅ እስፒከሮች ላይ ግን ባትሪ ባይሞከር እንመርጣለን።

ሽቦውን መልሰን ቴፑን ስንከፍት የአሥር አለቃው ድምፅ ከመካከል ጎልቶ ወጣ። ትንሹ ልጅ ተጠግቶ ተቀመጠ፤ እናቱም መልእክቱን ከመጀመሪያው እንድንደግምላት ጠየቀችን።