ለላስታ ደጋ የሚስማሙ የገንዳ ዓሦች

ሕያው ዕፅዋት በተተከሉበት የመስታወት ገንዳ፣ ማለትም በአኳሪየም፣ የተለያዩ የዓሣ ዝርያዎችን አብሮ ማኖር የሚሻ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በመልካቸው ይመርጣቸዋል፤ ሆኖም እንደ ላስታዋ ላሊበላ ባለ ደጋ ከመልክ አስቀድሞ የሚመረመረው ዓሣው የሚተነፍሰው አየር ነው። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቷ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ውኃ ከአየር የሚቀበለው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ አንድ ሊትር ውኃ በባሕር ወለል 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን መያዝ ሲችል በዚህ ከፍታ ከ7 ሚሊ ግራም በታች ይይዛል፤ ውኃው በማሞቂያ 26 ዲግሪ ሲደርስ ደግሞ መጠኑ ወደ 6 ይወርዳል፤ የዓሣው የኦክስጅን ፍላጎት ግን ከሙቀቱ ጋር ይጨምራል። ስለዚህ እስከ 28 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሙቀት የሚሻው የአማዞኑ ዲስከስ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ለላስታ አይመከርም፤ መብራት ሲጠፋ ማሞቂያው ስለሚቆምም ጉዳቱ ድርብ ይሆናል።

ዕፅዋቱም በዚሁ ስሌት ይገባሉ። ቀን በብርሃን ኦክስጅን ያመነጫሉ፤ ሌሊት ግን እንደ ዓሦቹ ራሳቸው ይተነፍሳሉ፤ በመሆኑም ዕፅዋት በበዛበት ገንዳ ውኃው ኦክስጅን እጅግ የሚያጣው ሊነጋጋ ሲል ነው። ዓሣው ኦክስጅን እንዳላጠረው ለማወቅ በዚያ ሰዓት ወደ ውኃው ገጽ ወጥቶ አፉን ይከፍት እንደሆነ ማየት ጠቃሚ ምርመራ ነው።

ለዚህ ደጋ ከሚስማሙት አንዱ፣ በደቡብ ቻይና በጓንግዡ አቅራቢያ በሚገኘው የባዩን ተራራ ጅረቶች የተገኘውና በ1932 እ.ኤ.አ. ሳይንሳዊ ስም የተሰጠው ታኒክቲስ ቀዝቃዛ ውኃ የለመደ፣ ርዝመቱ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ፣ ዕፅዋት የማያበላሽ ዓሣ ነው፤ በመንጋ የሚኖር በመሆኑም ከስድስት ማነስ የለበትም። ከእርሱ በታች፣ በአሸዋው ላይ፣ ኮሪዶራስ ፓሌያቱስ የተባለው የደቡብ አሜሪካ ዓሣ ይስማማል፤ ይህ ዓሣ ከውኃው ገጽ አየር ውጦ በአንጀቱ ኦክስጅን መውሰድ መቻሉ ለከፍታ ስፍራ ትልቅ ጥቅም ነው። ወርቃማው ዓሣ ቅዝቃዜን ቢችልም ተክል ይነቅላል፣ ይበላል፣ እጅግም ያድጋል።

የአገሩ ዓሣ ሁሉ ለገንዳ ይሆናል ማለት አይደለም። ቀረሶ፣ ማለትም ቲላፒያ፣ በመራቢያ ጊዜው ጎጆ ለመሥራት ወለሉን ይቆፍራል፤ አምባዛም አየር መተንፈስ ቢችልም አፉ የሚችለውን ዓሣ ሁሉ ይውጣል። በኢትዮጵያ ደጋ ጅረቶች የሚገኘው ጋራ የተባለው ወገን ከአፉ ሥር ባለው መጣበቂያ ድንጋይ ላይ እየተጣበቀ አልጌ፣ ማለትም አረንጓዴ ሽፋን፣ የሚግጥ ውብ ዓሣ ነው፤ ነገር ግን ኃይለኛ ወራጅ ውኃ ስለሚሻ የብቻው ገንዳ ይገባዋል።

የተረፈ ዓሣ ወደ ጅረት መጣል የለበትም። በወሎው የሐይቅ ሐይቅ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መገባደጃ የተለቀቀው ቀረሶ ዛሬ የሐይቁ ዋና ዓሣ ሆኖአል፤ ከላስታ ተራሮች የሚነሣው የተከዜ ወንዝም በአትባራ በኩል ከናይል ጋር ስለሚገናኝ፣ በላሊበላ አጠገብ የተለቀቀ ባዕድ ዝርያ እዚያው ተወስኖ ላይቀር ይችላል።