የናሪኞ ተራራ ቡና

በኮሎምቢያ ደቡብ ምዕራብ፣ ከኢኳዶር ወሰን አጠገብ፣ ጋሌራስ የተባለው እሳተ ገሞራ ከፓስቶ ከተማ በላይ ገዝፎ በሚታይበት በናሪኞ ምድር፣ ቡና ከባሕር ወለል በላይ እስከ 2,000 ሜትርና ከዚያም በሚበልጥ ከፍታ ይበቅላል። ይህን ያህል ከፍታ ከምድር ወገብ እጅግ በራቀ አገር ቢሆን ኖሮ ብርዱ ተክሉን ባደረቀው ነበር፤ ናሪኞ ግን ለምድር ወገብ እጅግ የቀረበች ከመሆኗም በላይ፣ ቀን በሸለቆው ውስጥ ሲግል የዋለው አየር ሌሊት ሽቅብ እየወጣ ተረተሩን ስለሚያሞቀው፣ ዛፉ ከውርጭ ተጠብቆ ያድራል። ፍሬውም በቅዝቃዜው ምክንያት ዝግ ብሎ ስለሚበስል፣ ጽኑዕና ጣፋጭ ሆኖ ይወጣል።

ይሁን እንጂ ለዚህ ቡና ማዕርግ ምክንያቱ የተራራው ጸጋ ብቻ ነው ማለት የገበሬውን ድካም መካድ ይሆናል። በእኛ አገር፣ በሲዳማም ሆነ በይርጋ ጨፌ፣ ባለማሳው ለመታጠብ የሚሆነውን ቡና አብዛኛውን ጊዜ በእሸቱ ለማጠቢያ ጣቢያ ሲሸጥ፣ የናሪኞ ገበሬ ግን፣ ማሳው እጅግ ጠባብ ሆኖ ሳለ፣ መልቀሙንም መፈልፈሉንም ማጠቡንም ማድረቁንም በገዛ ደጁ ይፈጽማል።

በአንዱ ቅርንጫፍ ላይ ቀዩና አረንጓዴው ፍሬ ጎን ለጎን ስለሚገኝ፣ ለቃሚው ወደዚያው ዛፍ ደጋግሞ እየተመለሰ የበሰለውን ብቻ በጣቱ ይለያል። እሸቱ በዕለቱ ተፈልፍሎ፣ የሚያሟልጨውን ጣፋጭ ልባሱን እንደ ለበሰ በገንዳ ውስጥ ሲብላላ ያድራል። በማለዳ ገበሬው እንጨት በክምሩ መካከል ሰክቶ ይነቅላል፤ ቀዳዳው ሳይደረመስ ከቆመ ልባሱ ለቋልና ቡናው ይታጠባል፤ ከተደረመሰ ገና ነው። ሰዓቱ ያለፈበት ቡና ይኮመጥጣል፣ ያ ኮምጣጣነትም እስከ ስኒው ድረስ ይከተለዋል። ከታጠበም በኋላ እርጥበቱ ወደ 11 በመቶ እስኪወርድ ድረስ በላስቲክ ጣሪያ ሥር እያገላበጡ ያደርቁታል። ዝናቡ ጸንቶ ሻጋታ ቢገባበት፣ ኪሳራው የዚያው ቤተሰብ ነው።

ይህን ሁሉ መከራ የተሸከመ ቡና፣ በኒው ዮርክ ገበያ ዋጋ ከማንኛውም ቡና ጋር በአንድ ሚዛን መመዘኑን እኔ እንደ ግፍ እቆጥረዋለሁ። በ1989 እ.ኤ.አ. የዓለም የቡና ኮታ ስምምነት ከፈረሰ ወዲህ ዋጋው ሲዋዥቅ፣ ለባለ አነስተኛ ማሳው መሸሸጊያ ከሆኑት አንዱ ጥራት ነው፤ ቀማሾች ከ100 ነጥብ 80ና ከዚያ በላይ የሰጡት ቡና ስፔሻሊቲ ተብሎ በተለየ ዋጋ ይሸጣልና። ነጥቡን አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ግን ገዢው ስለሆነ፣ በኮሎምቢያ የገበሬ ልጆች ሴና በሚባለው የመንግሥት የሙያ ማሠልጠኛ የቡና ቅምሻ ይማራሉ፤ እንዲህ የተማረ ልጅ ያለው ቤት፣ ቡናው ከደጁ ሳይወጣ ጣዕሙን አውቆ በዋጋው ይከራከራል።